አምስት ደቂቃ

ከኮምቦልቻ ወጣን ጧት፣ በቦርከና ወበቅ፣
የሌሊቱ ፈረቃ ከፋብሪካው ሲለቀቅ።
መሪው ላይ እኔ ነኝ፤ ጎኔ ተቀምጧል
አባቴ፤ ሠላሳ ዓመት ይህን መንገድ ነድቷል።
"ይመር ኤንትሬ" ነበር ስሙ በየኬላው፣
ዛሬ ለዓይኑ የቀረው ብርሃንና ጥላው።
ሴት የያዘችው መሪ ጎን ተቀምጦ አያውቅም፣
ቪትዟን "ጣሳ" ይላታል፤ ይስደብ፣ አልሳቀቅም።

ሐረጎ ላይ ስንደርስ ወሬውን አቆመ፣
ጆሮውን ለሞተሩ ሰጥቶ አዘመመ።
"ሁለት አስገቢ" ይለኛል፤ ማርሹን እቀንሳለሁ።
"ይቺ አራተኛዋ ናት።" "በምን አወቅህ?" እላለሁ።
"ሆዴ ነው የሚቆጥር፤ ዓይንማ ይሳሳታል፣
ጉም የወረደ ለት በነጭ ይረታል።"

አንዲት ኩርባ አለች፣ ባሕር ዛፍ የከበባት፣
የግንቡ አጥር ተሰብሮ ሌላ የተቀጠለባት።
"እዚህ ጋ ጥሩንባ" አለኝ።
ነፋሁ።
"ድገሚው።"
ደገምኩ።
ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ መለሰ።
እሱ መስኮቱን ከፍቶ፣ እስኪጠፋ ሰምቶ፣ ዘጋው።

ደሴ ላይ ብርድ ነው።
"ጦሳ ቦታው አለ?" "አይታይም አባባ።"
"የት ይሄዳል ብለሽ፤ ተራራ አይል ወጣ ገባ!"
ቧንቧ ውሃ፣ ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሰኞ ገበያ፣
በጠረን ነው የሚለየው፣
ዳቦ ቤቱን ከወዲህ፣ የጎሚስታውን ላስቲክ ከወዲያ።
አንዱ ባጃጅ ፊቴ ገባ፤ ፍሬን ስይዝ
የአባቴ ቀኝ እግርም ምንጣፉን ረገጠ።
አየሁት። ዝም አልኩ።

ከከተማው ማዶ ዳገቱ አለቀና፣
ተራራው ትከሻውን ለሌላ ወረዳ ሰጠና፣
ቀለሙ የላላ ሰሌዳ፦ ተሁለደሬ፣ በደህና መጡ።
"ተሻገርን ድንበሩን?" አለ፤ "አየሩ ለዘበ'ና።"

ቁልቁል ሁለት ሦስት ጊዜ ታጠፍን። ከዚያ ድንገት
ሐይቁ።
አዲስ ቆርቆሮ ይመስላል፣
ባለቤቱ ግድግዳውን ሳያቆም
ሜዳ ላይ አንጥፎት የሄደ።

"ምን ይመስላል?"
"አባባ! ሺህ ጊዜ አልፈኸው የለም እንዴ?"
"ተሳቢ ከኋላዬ፣ ወልድያ የሚጠብቅ ስንዴ፣
የት አይቼው?
ሙሄ ግን፣ ረዳቴ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣
እዚህ በደረስን ቁጥር ይለምነኝ ነበር፦
'አምስት ደቂቃ ብቻ፤ እግሬን ነክሬ ልምጣ።'
'ስንመለስ' እለዋለሁ።
ስንመለስ ሌሊት ነው።
ስንመለስ እንቅልፍ ነው።
'ስንመለስ' እያልኩት አራት ክረምት አለፈ።
ከዚያ ያ ፍሬን…
ያቺ ጥሩንባ የነፋሽባት…"

አልጨረሰውም።
እኔም ብዙ ጠብቄ፣ ማርሽ ቀየርኩ።

ሐይቅ ከተማን አለፍን፣ ወደ ዳሩ ወረድን።
ዓሣ ጠባሾቹ ተሻሙብን፦
"እኔ ጋ ትኩስ ነው!" "የሱ የትናንት ነው፣ እናቴ ትሙት!"
"ቆይ" አልኳቸው።
የአባቴን ጫማ ፈታሁ፣ ካልሲውን ኪሴ ከተትኩ፣
ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለልኩ።
ባቱ ፀሐይ አያውቅም፤ ነጭቷል፣ ቀጥኗል፣
ያን ሁሉ ጭነት የነዳ እግር ይህ ነው አይባልም።

"ሰዓት ያዢ" አለኝ።
ያዝኩ።

እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባና ቆመ።
አንዲት የውሃ ወፍ ደንግጣ ሸምበቆው ውስጥ ገባች።
ምንም አላለም፤ አልጸለየም፣ አላለቀሰም።
ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ወደ ታች አየሁ፦
ቀኝ እግሩ ጭቃውን ይጫናል፣
ደግሞ ለቀቅ ያደርጋል፣ ደግሞ ይጫናል፣
ቀስ ብሎ፣ ሳያጣድፍ፣
ቁልቁለት ላይ ተሳቢ እንደሚያቆም ሰው።

አምስቱ ደቂቃ አለቀ።
አልነገርኩትም።